ከጦር ሜዳ መልስ፣ ወንዝ ዳር

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሰው ጆርጂያ አቬኑን ያውቀዋል። መንገዱን ይዘው ወደ ሰሜን ሲወጡ፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ከመድረስዎ በፊት፣ በስተግራ አንድ ሰፊ ግቢ ያገኛሉ። እስከ 2011 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዋልተር ሪድ የተባለው የጦር ሠራዊቱ ትልቅ ሆስፒታል እዚህ ነበር። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ቁስለኞች ይታከሙበት ነበር። በተቀበረ ፈንጂ እግራቸውን ያጡ፣ እጃቸው የተቆረጠ፣ ጉዳታቸው ራስ ቅላቸው ውስጥ ስለሆነ ከውጭ የማይታይ ወጣቶች ነበሩ።

በ2005 በዚህ ግቢ ሣር ላይ አዲስ ነገር ተጀመረ። አንዳንዱ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ፣ አንዳንዱ በሰው ሠራሽ እግር ለመቆም እየታገለ፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት ሜዳ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መወርወር ያዘ። ሐሳቡን ያመጡት ኤድ ኒኮልሰን የተባሉ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ካፒቴን ናቸው። እሳቸውም እዚያው ሆስፒታል ታክመው ነበርና ቁስለኞቹን በቅርብ አይተዋቸዋል። ልጆቹን ከሆስፒታሉ ግድግዳ አውጥተው ወንዝ ዳር ለማድረስ የጀመሩት ነገር አድጎ «ፕሮጀክት ሂሊንግ ዋተርስ» የተባለ ድርጅት ሆነ። ዛሬ በመላው አሜሪካ ይሠራል፤ አስተማሪዎቹ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ተሳታፊው አይከፍልም። ከአዲሶቹ ጦርነቶች የተመለሱት ብቻ ሳይሆኑ ከቬትናም ጀምሮ ሕመማቸውን ይዘው የኖሩ አዛውንቶችም ይገኙበታል።

ዓሣ የማጥመድ ዘዴ ብዙ ነው። ፕሮጀክቱ ፍላይ ፊሺንግ የተባለውን፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የማጥመድ ዘዴ፣ የመረጠበትን ምክንያት ለመረዳት አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። በተለመደው አጠማመድ ክሩን ወደ ውሃው የሚወስደው ጫፉ ላይ የታሰረው እርሳስ ነው። በፍላይ ፊሺንግ ግን ጫፉ ላይ ያለችው በላባና በክር የተሠራች ዝንብ መሳይ ናት፤ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክብደቱ የሚገኘው በራሱ በክሩ ላይ ነው። ለመካከለኛ ወንዝ በሚሆነው ክር የፊተኛው 9 ሜትር 9 ግራም ያህል ይመዝናል። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላ ያነሣና ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ክሩ ከጀርባው አየር ላይ እስኪዘረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት ይልከዋል። ጠቅላላ ጥበቡ ያቺ መጠበቅ ላይ ነው። የቸኮለ ሰው ክሩ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮኽበትና ዝንቡ ተበጥሶ ይሄዳል፤ ጉልበት ያበዛ ደግሞ ክሩ ተጠቅልሎ አፍንጫው ሥር ይወድቅበታል። ሁሉን ነገር በፍጥነትና በኃይል እንዲያደርግ ለሠለጠነ ሰው ይህ ከባድ ትምህርት ነው፤ ክንዱም ትከሻውም እንደገና መማር አለባቸው።

ውሃውን ማንበብም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ትራውት የተባለው ዓሣ ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ፣ ድንጋይ ጀርባ ወይም ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኙበት ጠርዝ ቆሞ፣ ጅረቱ የሚያመጣለትን ነፍሳት ይጠብቃል። አጥማጁ የትኞቹ ነፍሳት እንደሚበሩ፣ ውሃው የት እንደተንቀሳቀሰ፣ ጥላው የት እንደሚያርፍ ማየት አለበት። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ዓይኑ አያርፍም፤ ገበያ ውስጥ መውጫ በሩን ይፈልጋል፣ መንገድ ላይ የተቆፈረ አፈር ያስደነግጠዋል። ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው ያ ንቁ ዓይን ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን የሚፈለግ ዓይን ነው። በእኔ እምነት የዚህ ነገር ትልቁ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

ወንዙ በማይመችባቸው ወራት ደግሞ ዝንብ መሥራት አለ። ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሞርሳ ይታሠራል፤ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ መንጠቆ በሞርሳው ትያዛለች። ቀጭን ክር ይጠመጠምባታል፤ የአጋዘን ወይም የጥንቸል ጠጉር ገላ ይሆናታል፤ የአውራ ዶሮ ላባ ዙሪያዋን ሲዞር ክንፍና እግር ታወጣለች። አንድ እጅ ብቻ ላለው ሰው መሣሪያው ይስተካከልለታል፤ ክሩን በጥርሱ ይዞ የሚቋጥርም አለ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የመጀመሪያዋን ለመጨረስ ረጅም ሰዓት ይፈጅበታል። ሲጨርስ ግን መዳፉ ላይ የምትቀመጥ፣ ዓሣ የሚያታልል፣ በገዛ እጁ የተሠራች ነገር አለችው።

ጓደኝነቱ የሚበቅለው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ወታደር ከሠራዊቱ ሲሰናበት ከደመወዙና ከማዕረጉ ይበልጥ የሚያጣው ቡድኑን ነው፤ ሳይነገረው የሚረዳውን፣ ሌሊት ተራ ጠብቆለት ያደረውን ሰው ያጣል። ፊት ለፊት ተቀምጠው «ምን ደረሰብህ?» ሲሉት አፉ የሚዘጋ ሰው፣ ዓይኑ መንጠቆው ላይ ሆኖ ጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ይጀምራል። ዝም ማለትም ይፈቀዳል፤ ዝም ያለውን ማንም አያስጨንቀውም። ደግሞም ስብሰባው ቀጣይ ነው። አንድ ቀን ሽርሽር ወስዶ ፎቶ አንሥቶ መመለስ ማንንም ብዙ ርቀት አያደርስም፤ በቀጠሮው ቀን የቀረ ሰው ግን ስልኩ ይጮኻል።

ይህ ሁሉ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ቅዠት እንቅልፍ የነሣው፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ወንዙ ከሕክምናው ጎን የሚሄድ ነው። ዘዴው ለወታደር ብቻ አለመሆኑም ይታወቅ። በጡት ካንሰር የታመሙ ሴቶችን ወደ ወንዝ የሚወስደው «ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ» ቀደም ብሎ በ1996 ቬርሞንት ውስጥ ተመሥርቷል፤ ዘንጉን የመወርወር እንቅስቃሴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንድን ለማፍታታት ይረዳል ተብሎ ነው።

የአገራችን አንባቢ ይህን ሩቅ ነገር አድርጎ እንዳያየው እሰጋለሁ። ትራውት በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ውስጥ ባሉ ወንዞች ተጥሏል፤ ዌብ ወንዝ ላይ በዚሁ ዘዴ የሚያጠምዱ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ከጦርነት የተመለሱ፣ ክራንች ይዘው በየሰፈራችን የሚቀመጡ ወጣቶችም አሉን። መሣሪያው ውድ ነው፤ ሁሉንም ባሌ ማድረስም አይቻልም። ነገር ግን ንብ ማነብም፣ ሽመናም፣ እንጨት ሥራም እጅን ይይዛል፤ የታወቀ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛና ሥራውን የሚያውቅ ታጋሽ ሰው ካለ ይጀመራል።

በአሜሪካው ፕሮጀክት ውስጥ ከቆዩት ብዙዎቹ ራሳቸው አስተማሪ ይሆናሉ። ትናንት ሣሩ ላይ ክሩ አፍንጫው ሥር ይወድቅበት የነበረው ሰው፣ ዛሬ አዲስ የመጣውን ቁስለኛ ክንድ ይዞ «ጠብቅ፣ ገና ነው፣ አሁን ላክ» ይለዋል። አዲሱም ይሰማዋል፤ የሚያስተምረው ሰው እንደሱው የቆሰለ ነውና።