ከስድስቱ ፍሬ ኪኒን ጀርባ

ጋምቤላ ከተማ ሲመሽ ሙቀቱ አብሮ አይመሽም። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ አጎበር እንደ ምጣድና እንደ ጀሪካን የቤት ዕቃ ነው። ወባ እዚህ አልፎ አልፎ የምትመጣ እንግዳ ሳትሆን አብራ የምትኖር ክፉ ጎረቤት ናት።

ባለፈው ለሥራ ሄጄ በሰነበትኩበት ጊዜ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ነበረች። ባለሙያው ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት እየሰጣት፣ «እህቴ፣ ነገ ትኩሳቱ ቢለቀውም እንዳታቋርጪ። ስድስቱንም ፍሬ ይጨርስ» አላት።

«እሺ ዶክተር» አለች። ጥቂት ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለፈው ግን ሁለቱን ለታላቁ አስቀምጬለት ነበር» አለችው።

ልፈርድባት አልቻልኩም። አዲስ አበባ ያለው የእኔ መሳቢያም በተጋመሱ የመድኃኒት እሽጎች የተሞላ ነው። እነዚያ ሁለት ፍሬዎች ግን ከአእምሮዬ አልወጡም። ማን ሠራቸው? ስንት ዓመት ፈጁ? አልሠራ ቢሉንስ ቀጣዩን ማን ይሠራልናል? መልሱን ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት ብዙም የማናወራለትን ሙያ ነው፤ የመድኃኒት ኬሚስትን ሙያ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት መድኃኒት በአንድ ፍሬ

ኮአርተም አንድ መድኃኒት ቢመስልም በውስጡ ሁለት አሉ፤ አርቴሜተርና ሉመፋንትሪን። የመጀመሪያው ታሪክ የሚነሣው ከቻይና ነው። ሳይንቲስቷ ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፎችን ሲያገላብጡ ከርመው፣ በ1972 ከእኛዎቹ አሪቲና ጭቁኝ ጋር ከሚዛመድ ተክል አርቴሚሲኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ሥራቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ንጥረ ነገሩ ግን በውኃም በዘይትም በቀላሉ የማይሟሟ አስቸጋሪ ነገር ነበር። ኬሚስቱ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ሻንጋይ ውስጥ ሊ ዪንግ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሞለኪዩሉን አንድ ክፍል ቀይረው፣ በዘይት የሚሟሟውንና ይበልጥ ኃይለኛ የሆነውን አርቴሜተርን ሠሩ።

ሁለቱ መድኃኒቶች ሥራ ተከፋፍለዋል። አርቴሜተር ፈጣን ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ጥገኛ ተሕዋስ ቶሎ ገድሎ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ሉመፋንትሪን ዘገምተኛ ነው፤ ለቀናት እየቆየ የተረፉትን ይለቅማል። በሁለተኛው ቀን ልጁ ምግብ ሲጠይቅና ሲስቅ ሥራው ያለቀ የሚመስለን ለዚህ ነው። ያለቀው ግን የፈጣኑ ሥራ እንጂ የለቃሚው አይደለም። ለታላቅ ወንድም የተቀመጡት ሁለት ፍሬዎች ታናሹን ሳያድኑ ይቀራሉ፤ ታላቁንም አያድኑም።

መድኃኒትም ጊዜው ያልፍበታል

በወላጆቻችን ዘመን የወባ መድኃኒት ማለት ክሎሮኪን ነበር። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ክሎሮኪንን ሲለምደው፣ ኢትዮጵያ በ1998 ወደ ፋንሲዳር ተሻገረች። ፋንሲዳርም ብዙ አልቆየም፤ በ2004 ኮአርተም ተተካ። ስድስት ዓመት ብቻ ማለት ነው።

ኮአርተም ከፋንሲዳር እጅግ የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል፤ ዛሬም በአግባቡ ለሚወስደው ይሠራል። ማስጠንቀቂያው ግን ደርሷል። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ ክልሎች የተሰበሰቡ የፋልሲፓረም ናሙናዎችን መርምሮ፣ 8 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ አርቴሚሲኒንን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የዘር ለውጥ አግኝቷል። እንዲህ ያለው ተሕዋስ በመድኃኒቱ ቶሎ አይሞትም፤ ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ ሸክሙ በሙሉ ለቃሚው መድኃኒት ላይ ይወድቃል።

ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ለሚያስተናግደው፣ ሰው በየቀኑ ድንበር ለሚሻገርበት ለጋምቤላ ክልል ይህ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ አይደለም። ተሕዋሱ መታወቂያ አይጠየቅም።

መብራት ከሌለው መንደር

ታዲያ ቀጣዩን ማን ይሠራል? ከሚሠሩት አንዱ አፍሪካዊ ናቸው። ፕሮፌሰር ኬሊ ቺባሌ በ1964 ዛምቢያ ውስጥ ተወለዱ፤ ያደጉትም መብራትና የቧንቧ ውኃ በሌለበት ነው። በዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንተው በ1987 ሲመረቁ መጀመሪያ የተቀጠሩት በአንድ የፈንጂ ፋብሪካ ነበር። ከዚያ በነፃ የትምህርት ዕድል ካምብሪጅ ገብተው በኦርጋኒክ ሲንተሲስ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ምርምራቸውን ቀጥለው በ1996 ወደ ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ መጡ።

ኦርጋኒክ ሲንተሲስ ማለት በአጭሩ፣ ካርቦንን መሠረት ያደረጉ ትንንሽ ሞለኪዩሎችን ደረጃ በደረጃ እያያያዙ የሚፈለገውን ሞለኪዩል መገንባት ነው። የመድኃኒት ኬሚስት ይህንን ጥበብ ይዞ እንደ ባለሙያ ወጥ ሠሪ ያስተካክላል፤ አንዱን ይቀንሳል፣ ሌላውን ይጨምራል። ልዩነቱ የሚያስተካክለው ነገር በአንድ ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው። ተሕዋሱን ይገድላል? ሆድ ውስጥ ይሟሟል? ጉበት ወዲያው ያጠፋዋል? ልብን ይጎዳል? አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞለኪዩሎች ተሠርተው፣ ተፈትነው ይጣላሉ።

ቺባሌ በ2010 ኤች-ስሪ-ዲ የተባለውን የመድኃኒት ግኝት ማዕከል ኬፕ ታውን ውስጥ መሠረቱ። በዚያን ጊዜ አዲስ መድኃኒት ከመነሻው አፍሪካ ውስጥ ሊሠራ ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር።

ኢትዮጵያ የደረሰው ሞለኪዩል

ማዕከሉ ሜዲሲንስ ፎር ማላሪያ ቬንቸር ከተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ተባብሮ ሠራ። አውስትራሊያ ውስጥ ወደ 36 ሺህ የሚጠጉ ውሕዶች በወባ ተሕዋስ ላይ ተፈተኑ፤ ተስፋ የሰጡትን የቺባሌ ቡድን ተቀብሎ እየቀያየረ አሻሻላቸው። ከዚህ ሁሉ የወጣው አንድ ሞለኪዩል ኤምኤምቪ048 ተባለ። በ2012 ለዓለም ሲነገር ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ተሕዋሱን በተለያዩ የዕድገት ደረጃዎቹ ላይ ያጠቃል፤ ምናልባትም በአንድ ጊዜ ዋጥ ብቻ ይፈውስ ይሆናል ተባለ። ስድስት ፍሬ መቁጠር፣ ለታላቁ ማስቀመጥ የሚባል ነገር ሊቀር ነው።

በ2014 ኬፕ ታውን ውስጥ በጤነኛ ሰዎች ላይ ተሞከረ። ቀጥሎ የወባ ሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ ሙከራው የተካሄደው በእኛው አገር በኢትዮጵያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቆመ። በእንስሳት ላይ የተደረገ ምርመራ ለፅንስ አስጊ ሊሆን እንደሚችል በማሳየቱ ሞለኪዩሉ ወደ ፊት አልሄደም።

እኔ የማርኬቲንግ ሰው ነኝ። በእኛ ቤት ይህን ያህል ዓመት የተለፋበት ምርት ገበያ ሳይደርስ ቢቀር ስሙ ኪሳራ ነው። እዚህ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከወባ ክፉኛ ከሚጎዱት አንዷ ናት፤ በገጠር ደግሞ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ መድኃኒት ልትወስድ ትችላለች። ኬሚስቱ የለፋበትን ሞለኪዩል የተወው ለእሷና ለልጇ ሲባል ነው። መድኃኒት ቤት ደርሶ እጃችን የሚገባው እያንዳንዱ ፍሬ እንዲህ ከተተዉት መካከል የተረፈ ነው።

የራሳችን አካል፣ የራሳችን ጥናት

ሙከራው እዚህ መካሄዱ ሌላም ትርጉም አለው። በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ብዙ መድኃኒቶችን የሚለውጠውን አንድ የጉበት ኤንዛይም የሚያመርተው ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አገኙ። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ እጅግ አነስተኛ ነው። በእነዚህ ሰዎች አካል ውስጥ አንዳንዱ መድኃኒት ሳይሠራ ቶሎ ያልቃል፤ እንደ ኮዴይን ያለው ደግሞ ወደ ሞርፊን ፈጥኖ ተለውጦ ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ «አፍሪካዊ ኬሚስት፣ አፍሪካ ውስጥ» የሚለው የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሌላ ሰው አካል የተለካ ልብስ ሁልጊዜ ለእኛ ልክ አይመጣም።

ሥራውም አልቆመም። በሐምሌ 2025 ክብደታቸው ከ5 ኪሎ በታች ለሆኑ ጨቅላዎች የተዘጋጀ የኮአርተም ዓይነት ስዊዘርላንድ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ቀድሞ ለእነሱ ተብሎ የተለካ የወባ መድኃኒት አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ጋናፕላሳይድ የተባለ ከአርቴሚሲኒን ቤተሰብ ውጭ የሆነ አዲስ መድኃኒት፣ ከሉመፋንትሪን ጋር ተጣምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ባደረገው የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ ጥሩ ውጤት ማምጣቱ ተነገረ።

የእኛ ድርሻ

አዲሱ እስኪደርስ ያለውን መጠበቅ የቤተሰብ ሥራ ነው። ትኩሳት ያለውን ልጅ ሳይመረመር መድኃኒት አለመስጠት፤ የታዘዘውን በሦስቱም ቀን በሰዓቱ ማስጨረስ፤ ሉመፋንትሪን ቅባት ሲያገኝ በደንብ ስለሚሰርጽ ኪኒኑን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር መስጠት፤ ልጁ ወዲያው ካስመለሰው ወደ ባለሙያ መመለስ።

ሌላም አለ። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይዞ «ይሄ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ስለዚያ መብራት አልባ መንደር ልጅ ንገሩት። ቀጣዩ ሞለኪዩል ከጋምቤላ ወይም ከጎንደር ተማሪ እጅ የማይወጣበት ምክንያት የለም።

ያቺ እናት ከመድኃኒት ቤቱ ስትወጣ እሽጉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። በሩ ላይ ዘወር ብላ፣ «ታላቁም ቢያመው?» ብላ ጠየቀች።

«ይዘሽው ነይ» አላት ባለሙያው። «እሱም የራሱን ይወስዳል።»