አራቱን ፍሬቻ ላበራ ሁሉ
በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ፣ ኡበር ወይም ከባድ መኪና ይዘው ለሚያድሩ ኢትዮጵያውያን፣ ዳር ለቆመ ፖሊስ ረድፍ መልቀቅ የታወቀ ግዴታ ነው። ሕጉ ግን አሁን ከፖሊስ አልፏል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሜሪላንድ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በቨርጂኒያ፣ አራቱን ፍሬቻ እያበራ ለቆመ ተራ የቤት መኪናም ረድፍ መልቀቅ፣ ካልተቻለ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው። ይህ መስፋፋት ሕጉን ያከበደው ይመስላል፤ እንደ እኔ ግን ያቀለለው ነው።

መነሻው ሳውዝ ካሮላይና ነው። በ1994 ለአደጋ ጥሪ የወጣ የአምቡላንስ ባለሙያ በመኪና ተገጨ፤ የፖሊስ ሪፖርት ደግሞ ጥፋቱን በተገጪው ላይ ጣለ። ሕጉ በ1996 ወጣ፤ በ2012 ሃዋይ ስትከተል በ50ዎቹም ግዛቶች ተዳረሰ። ሲጻፍ ግን እንደ ሙያ መዝገብ ነበር፦ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ አምቡላንስ፣ ቆይቶ መኪና ጎታች፣ ከዚያም ሌላ። በሰዓት 65 ማይል የሚነዳ ሰው በየሰከንዱ 29 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፊት ለፊቱ የሚብለጨለጨው መብራት የማን እንደሆነ መዝገብ አይቶ የሚለይበት ጊዜ የለውም። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር (ትሪፕል ኤ) የምርምር ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት፣ ከታዩት አሽከርካሪዎች 36 ከመቶው ረድፍም አልለቀቁም፣ ፍጥነትም አልቀነሱም። ለፖሊስ ተገቢውን ያደረጉት 66 ከመቶ ሲሆኑ፣ ለመኪና ጎታች ያደረጉት 58 ከመቶ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው የቅጣት ፍርሃት ይመስለኛል። ተራውን አሽከርካሪ ደግሞ እንይ፦ ግራ የኋላ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ክሪክ አስገብቶ ሲንበረከክ ተረከዙ ነጩን መስመር ሊነካ ይደርሳል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ክሪክ ላይ ያለውን መኪና ይወዘውዘዋል። ፖሊሱ ቢያንስ አንጸባራቂ ልብስና ሥልጠና አለው፤ ይኸኛው አንዱም የለውም።

በተጨናነቀ መንገድ ድንገት ረድፍ መቀየር ራሱ አደጋ ያመጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ሕጉ ‹‹አመቺ ከሆነ›› ብሎ፣ ካልሆነ ፍጥነት መቀነስን የፈቀደው። ታዲያ ስንት ይቀነስ? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለአሽከርካሪው ሚዛን ትተውታል። ፍሎሪዳ ግን የፍጥነት ገደቡ 25 ማይልና ከዚያ በላይ በሆነበት መንገድ ከገደቡ 20 ማይል ቀንሱ ትላለች፤ ቁጥር መስጠቱ የተሻለ ነው። ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው የሚለው ክርክርም ሩቅ አያስኬድም፦ የሜሪላንድ መነሻ ቅጣት 110 ዶላርና አንድ ነጥብ ነው፤ 750 ዶላር የሚደርሰው ሰው ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲጎዳ ነው። ይልቅ የሚያስተዛዝበው የቨርጂኒያው ነው። የፖሊስን ወይም የአምቡላንስን መብራት ችላ ያለ እስከ 2,500 ዶላርና እስከ 12 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ የተበላሸ የቤት መኪናን ችላ ያለው ግን ከ250 ዶላር አያልፍም። መዝገቡ ከግዴታው ተፍቆ በቅጣቱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ለቆመውም አንድ ሁኔታ አለበት። የተራ መኪና ጥበቃ የሚሠራው ምልክት ሲታይ ብቻ ነው፤ ባትሪው የሞተበት መኪና ፍሬቻ ስለማያበራ፣ ኮን ወይም የሚነድ የማስጠንቀቂያ ችቦ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ከሌለ ሕጉ አያውቀውም።