የወይን አተላ ለማን ይበጃል?

በዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ ተረፈ ምርት ላጫውታችሁ ነው። ተረፈ ምርት ያልኩት ወይን ጠጅ ሲጠመቅ የሚቀረውን የፍሬውን ልጣጭ፣ ዘሩንና ግንጣዩን ነው። በእኛ አገር የቅርብ ዘመዱ የጠላ አተላ ስለሆነ ከዚህ በኋላ «የወይን አተላ» እለዋለሁ። ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ለከብት እንደሚሰጥ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ወይን አብቃይ በሆኑ አገሮችም ገበሬው የወይኑን አተላ ለከብቶቹ ያበላል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ወገን በተሰበሰበበት ሁሉ የሚገጥመኝ ጥያቄ ነው። የተማርኩት የእንስሳት አመጋገብ በመሆኑ፣ የወይን ዘር እንክብል የያዘ ብልቃጥ እያሳዩ «ይሄ ለእማዬ ደም ግፊት ይሆናል ወይ? አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ልሰጥላት ነበር» ይሉኛል። ብልቃጡ ላይ ብዙ ጊዜ «በጥናት የተደገፈ» የሚል ቃል አይጠፋም። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው፣ የተጠናው በማን ላይ ነው? ብዬ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። ወይን ሲጨመቅ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው አተላ ሆኖ ይቀራል። ተክሉ ራሱን ከፈንገስ፣ ከተባይና ከፀሐይ ቃጠሎ ለመከላከል የሚሠራቸው ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚገኙት በልጣጩና በዘሩ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ወደ ወይን ጠጁ ሳይወርዱ እዚያው አተላው ውስጥ ይቀራሉ። አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ከእነዚሁ ወገን ነው፤ ስሙ የገነነው ሬስቬራትሮልም እንዲሁ።

በእንስሳት ላይ የታየው ውጤት የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የስፔን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ 6 በመቶ የወይን አተላ በመኖአቸው የተቀላቀለላቸው የሥጋ ዶሮዎች እድገታቸው አልተጎዳም፤ ሥጋቸውም ሲቀመጥ ስቡ ቶሎ አልበላሸም። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ጡት ለጣሉ የአሳማ ግልገሎች 1 በመቶ የወይን ዘርና አተላ ውጤት ሲሰጣቸው የአንጀታቸው የመቆጣት ምልክት ቀንሶ፣ ከሚበሉት መኖ የሚያገኙት የክብደት ጭማሪ ተሻሽሏል። በዚያው ዓመት ከአውስትራሊያ በወጣው ጥናት ደግሞ፣ የወይን አተላ የበሉ የወተት ላሞች የሚያገሱት ሚቴን የተባለው ጋዝ 20 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፖሊፌኖሎች ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ነው፤ የገባውንም ጉበት ወዲያው ይለውጠዋል። ስለዚህ ከሥራቸው ብዙው የሚከናወነው እዚያው ሆድ ውስጥ፣ ከጀርሞቹና ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ነው። እንስሳው ደግሞ ይህንን በየቀኑ ከመኖው ጋር፣ በተመዘነ መጠን ይበላል። ከዚህ ተነስቶ «ልብ ይጠግናል፣ ዕድሜ ያረዝማል» ማለት ትልቅ ዝላይ ነው።

ይህን ዝላይ ያፋፋመው የአይጥ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቅባት የበዛበት ምግብ እየተቀለቡ የወፈሩ አይጦች ሬስቬራትሮል ሲሰጣቸው ካልተሰጣቸው የተሻለ ዕድሜ ኖሩ፤ ዜናውም ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ተራ ምግብ የሚበሉ አይጦች ያንኑ ንጥረ ነገር ተሰጥቷቸው ዕድሜያቸው አልረዘመም፤ ይኼኛው ዜና ያን ያህል አልተወራም። እስቲ መጠኑንም እናስላው። ለአይጦቹ የተሰጠው በቀን በኪሎ ክብደት 22 ሚሊግራም ነበር። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀጥታ ሲባዛ 1,540 ሚሊግራም ይሆናል። የሰው አካል ከአይጥ ስለሚዘገይ ለ12 እናካፍለው ብንል እንኳ ወደ 128 ሚሊግራም ነው። አንድ ሊትር ቀይ ወይን 2 ሚሊግራም አለው ብንል፣ በቀን 64 ሊትር መጠጣት ሊኖርብን ነው!

በሰው ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2014 በጣሊያን የኪያንቲ አካባቢ ነዋሪ የሆኑ 783 አረጋውያንን ለዘጠኝ ዓመታት የተከታተለ ጥናት ታትሟል። በሽንታቸው የተገኘው የሬስቬራትሮል ምልክት ከበዛና ካነሰ ጋር የዕድሜም ሆነ የልብ ሕመም ልዩነት አልታየም።

ማር ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ አተላውም ጉዳት አለው። ታኒን ሲበዛ ፕሮቲንን አስሮ ይይዝና እንስሳው ከሚበላው መኖ በቂ እንዳያገኝ ያደርጋል። የወይን ተክል በመዳብ ውሕድ የሚረጭ ከሆነ መዳቡ በአተላው ሊቀር ይችላል፤ በግ ደግሞ መዳብ አይችልም፣ ይመርዘዋል። ውሻ የምታሳድጉማ እጅግ ተጠንቀቁ፤ ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ያበላሻል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ዋናው ተጠርጣሪ ፖሊፌኖል ሳይሆን በወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ነው። ዶሮ የበላው ለውሻ ካልሆነ፣ ዶሮ የበላው ለእማማ ይሆናል ብሎ በምን ይታመናል?

ታዲያ ለጠያቂዎቼ የምመልሰው ይህ ነው። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለ እንክብል ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ ፈቃድ አይሰጠውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው የወይን ዘር ውጤት የመድማት አደጋ ሊጨምር ስለሚችል፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከውጭ አገር ልጅ የላከው ነገር በወላጅ ዓይን ከፍ ያለ ነው። እናት የልጇን እንክብል አምና፣ ጤና ጣቢያው የሰጣትን የግፊት ኪኒን ልታቆም ትችላለች። ያን ጊዜ የጎዳት እንክብሉ ሳይሆን የተወችው ኪኒን ይሆናል። ለብልቃጡ የምታወጡትን ገንዘብ የግፊት ኪኒኗ እንዳይቋረጥ፣ ግፊቷም በየጊዜው እንዲለካ አውሉት፤ ስትደውሉም «ኪኒኑን ዛሬ ወስደሻል?» ብላችሁ ጠይቋት።

ቸር ያሰንብተን።