መረጃን ስለ መጠበቅ፤ የቃላቱ ፍችና የሹማምንት ኃላፊነት

ያገር ሀብት ሁሉ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ አይደለም። ቀድሞ የመንግሥት ገንዘብ በሣጥን ተቆልፎ፣ የመንግሥት ቃል በማኅተም ታትሞ ይቀመጥ ነበርና ጠባቂው የሚጠብቀውን ነገር ያውቀው ነበር። ዛሬ ግን የሕዝቡ ስምና ዕድሜ፣ የጣቱ አሻራ፣ በባንክ ያለው ገንዘብ፣ የይዞታው ካርታ፣ የክሱ መዝገብ በኮምፒዩተር ተጽፎ ስለሚኖር፣ ጠባቂው በሩን ዘግቶ ቢያድር እንኳ ሀብቱ ኮሽ ሳይል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መረጃን መጠበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ የሚነገርባቸውም ቃላት ምን ፍች እንዳላቸው ለይቶ ማወቅ ለሹሙም ለመዝገብ ጠባቂውም የሚገባ ነገር ሆኗል።

ብዙ ሰው መረጃን መጠበቅ ሲባል ምሥጢርን መሸሸግ ብቻ ይመስለዋል። የሙያው ሊቃውንት ግን ጥበቃውን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ምሥጢራዊነት ነው፤ ይኸውም መረጃውን ከተፈቀደለት ሰው በቀር ሌላ እንዳያየው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ምሉዕነት ነው፤ ይኸውም የተጻፈው ነገር ያለ ፈቃድ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት እንዲኖር ማድረግ ነው። ሦስተኛው ተደራሽነት ነው፤ ይኸውም መረጃው በተፈለገ ሰዓት ሳይታጣ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ይህ ነገር ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ መጽሐፉን የሚሰርቀውና ጽሕፈቱን የሚፍቀው ሰው ሁለቱም በየስማቸው ተጠርተው ሲወገዙ እናነባለን። ሰራቂው መጽሐፉን ከአንባቢው ያርቀዋልና ተደራሽነትን ያጠፋል፤ ፋቂው ግን መጽሐፉን በስፍራው ትቶ እውነቱን ያጠፋልና ምሉዕነትን ያፈርሳል። የሰረቀው ቢታወቅ ይፈለጋል፤ የተፋቀውን ግን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ሐሰቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ይሄዳል። ስለዚህም ከሦስቱ ጉዳት ቶሎ የማይታወቀው ይህ ነው።

ምሉዕነት ሲጎድል የሚደርሰውን ጉዳት በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. አይተነዋል። መጋቢት 7 ቀን ሊነጋ በነበረው ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት በተደረገበት ለውጥ ምክንያት ስለ ተሳሳተ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ሊያወጡና ወደ ሌላ ሊያስተላልፉ ቻሉ። ወሬውም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ፈጥኖ ተዛምቶ ብዙዎች በሌሊት በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ስሕተቱን ለማቆም አገልግሎቱን ለሰዓታት ስለ ዘጋ፣ ንጹሑም ደንበኛ ገንዘቡን ሳያገኝ ዋለ። ያለ አግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ ከዚህም ውስጥ ከ622 ሚሊዮን ብር በላይ በወሩ ውስጥ መመለሱን ባንኩ አስታወቀ፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ስም አወጣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው፣ ከውጭ ገብቶ በሩን የሰበረ ጠላት እንዳልነበረ ባንኩ ራሱ መግለጡ ነው። ጉዳቱ የመጣው ለውጥን በሚገባ መርምሮ ከማጽደቅ ጉድለት ነውና፣ ዘበኛ ቢበዛ ይህን አያድነውም ነበር።

ስለ ምሥጢራዊነትም በከተማችን ብዙ የተወራ ነገር አለ። ጥር 2010 ዓ.ም. ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ቻይና ባሠራችው በአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው መረጃ ከ2012 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር ብሎ ጻፈ። የቻይና መንግሥት ነገሩን ፈጽሞ ክዷል። ክሱ እውነትም ይሁን ሐሰት ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው፤ ቤት ያሠራ ሰው ሠሪው ስንት ቁልፍ እንደ ቀረጸ ሊጠይቅ ይገባዋል። ካፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ የወጣ ምሥጢር አይመለስምና።

ተደራሽነትን በሚመለከት ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ኮምፒዩተሮችን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚያገለግል ፕሮግራሙን ሲያድስ ስለ ተሳሳተ፣ በዓለም ላይ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ሥራ አቆሙ፤ በብዙ አገሮችም አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ። ጠባቂው ራሱ መሰናክል ሆነ ማለት ነው። እንደ ቦሌ ያለ የብዙ አገር መንገደኛ የሚተላለፍበት ጣቢያ ላለው ሕዝብ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ቀሩት ቃላት እንሂድ። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ገርጂ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ባንኮችና የንግድ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በየበሩም ፈታሽ ቆሟል። በቤቱ ውስጥ የሚጠበቀው ነገር ሀብት ይባላል። ሀብቱን የሚጎዳው ነገር፣ ሌባ ቢሆን፣ እሳት ቢሆን፣ የሠራተኛ ስሕተት ቢሆን፣ ጠንቅ ይባላል። ጠንቁ የሚገባበት ቀዳዳ ተጋላጭነት ነው። ጠንቁ በቀዳዳው ገብቶ ጉዳት ለማድረስ ያለው ዕድልና የጉዳቱ መጠን ባንድነት ሲመዘኑ ሥጋት ይባላሉ። ሥጋቱን ለመቀነስ የሚደረገው ሁሉ፣ ቁልፉም፣ ደንቡም፣ ትምህርቱም፣ መቆጣጠሪያ ይባላል። እንግዲህ በሩ ላይ እየተፈተሸ የገባው ሰው፣ በውስጥ የጸሐፊው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ በጠረጴዛው ላይ ተለጥፎ ቢያገኝ የፈታሹ ድካም ምን ጠቀመ? ከሥራ የተሰናበተ ሰው ስሙ ከመዝገቡ ሳይፋቅ እስከ ዛሬ መግባት ቢችልስ?

ከጎሮ አጠገብ ባለው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ ታላላቅ የመረጃ ማከማቻዎች ተሠርተዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጥበቃው የባለማሽኖቹ ሥራ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም። አይ.ኤስ.ኦ. 27001 የተባለው የዓለም ደረጃ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲታደስ የዘረዘራቸው መቆጣጠሪያዎች 93 ናቸው። ከእነዚህ የቴክኖሎጂ የሆኑት 34 ብቻ ናቸው፤ 37ቱ የመሥሪያ ቤት አስተዳደር፣ 8ቱ የሠራተኛ ጠባይና ትምህርት፣ 14ቱ የቤትና የዕቃ ጥበቃ ናቸው። ስለዚህ ከሚበዛው የሚጠየቀው መሐንዲሱ ሳይሆን ሹሙ ነው።

ለሁሉም የሚያስፈልገውን እንዲያይ እንጂ ሁሉን እንዲያይ አለመፍቀድ አንዱ ደንብ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አዝዞ፣ ብቻውን ከፍሎ፣ ብቻውን እንዳይመዘግብ ሥራን መከፋፈል ሌላው ነው፤ ሙዳየ ምጽዋት በምስክሮች ፊት ተከፍቶ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ማን መቼ እንደ ገባ የሚመሰክር መዝገብ መያዝና መዝገቡንም በየጊዜው መመርመር ሦስተኛው ነው። ይህ የቀረ እንደ ሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ይደርሳል። ጉዳትም በደረሰ ጊዜ ማፈርና መሸፈን ሳይሆን ፈጥኖ ለሚገባው ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ሕጉም ተጽፏል። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ ስለ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ የግል መረጃን ስለ መጠበቅም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጀዋል። ነገር ግን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ቢቀመጥ፣ ጸሐፊው ለባልንጀራው የይለፍ ቃሉን ካዋሰ ምን ይረባል? ገንዘብ ቢሰረቅ ይተካል፤ የይለፍ ቃል ቢገለጥ ይለወጣል። አሻራውን ለመንግሥት አምኖ የሰጠ ድኻ ግን አሻራው ቢወሰድበት ሌላ ጣት ከየት ያመጣል? እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ኃላፊዎች፣ በእጃችሁ ያለው ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚያየው፣ ቢጠፋም ከየት እንደሚመለስ ዛሬውኑ ቈጥራችሁ ልትጽፉት ይገባል።