የእርሾው ጊዜና የእንጀራችን ብረት

በጀጎል ቅጥር ውስጥና በዙሪያው ከሚኖሩ የሰበካ እናቶች ጋር ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «እንጀራችን ብረት አለው እየተባለ ልጆቻችን ለምን ደም ያንሳቸዋል?» ይሉናል። የወባና የአንጀት ትላትል ድርሻ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የመልሱ አንዱ ክፍል የሚገኘው በቡሖው ዕቃ ውስጥ ነው።

በሐረርጌ የብዙው ቤት እንጀራ ከማሽላ ወይም ከማሽላና ከጤፍ ድብልቅ የሚጋገር ነው። ሁለቱም እህሎች ብረትና ዚንክ አላቸው። ነገር ግን እህል ለቡቃያው የሚሆነውን ፎስፈረስ የሚያከማቸው ፋይቲክ አሲድ በሚባል ውሑድ ነው። ይህም ውሑድ ብረትን፣ ዚንክንና ካልሲየምን አጥብቆ ስለሚይዝ የታሰረው ማዕድን ወደ ደም ሳይገባ በአንጀት ያልፋል። በአንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ያለው ታኒንም እንዲሁ ብረትን ይይዛል። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከተቀላቀለ አፈር የመጣ መሆኑም ሲታሰብ፣ የብረቱ ብዛት ብቻውን የሚያጽናና አይደለም።

እስራቱን የሚፈታው

ፋይቲክ አሲድን የሚሰብረው ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። እርሱም በእህሉ በራሱ ውስጥ ይገኛል፤ አንዳንድ ረቂቅ ተሕዋስያንም ይሠሩታል። ይሁን እንጂ በደንብ የሚሠራው ሊጡ ሲኮመጥጥ ነው። እርሾ ሲጨመር የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ ይራባሉ፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜም ሊጡን ያኮመጥጡታል። ፋይቴዝም በዚያ ጊዜ እስራቱን ይፈታል።

ረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይምን በከንቱ አያባክኑም። ብዙዎቹ ፋይቴዝን የሚያመርቱት በአካባቢያቸው የተዘጋጀ ፎስፌት ሲጎድል ነው፤ ሲበዛላቸው ምርቱን ይቀንሳሉ። በማድጋው ዱቄት ሳለ የማሽላውን ጉድጓድ የሚከፍት ገበሬ የለምና።

ማዕድናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በብቅል ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠው አሚሌዝ ያለ ካልሲየም አይጸናም። በቡሖው ውስጥ ያሉ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ብረት ሳይሹ ማደግ ይችላሉ፤ በእህል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማንጋኒዝ ያገለግላቸዋል። ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጡ ብዙ ባክቴሪያዎች ግን ብረትን አጥብቀው ይሻሉ። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ላክቶፌሪን የሚባል ፕሮቲን የሚገኘውም፣ ከሌሎች ጥቅሞቹ ጋር፣ ብረትን ይዞ ከእነዚህ ተሕዋስያን ያርቃል።

ስለዚህ ብረት ለሰውም ለጀርምም ምግብ ነው። በዛንዚባር ጴምባ ደሴት ወባ በሚበዛበት ስፍራ የተደረገና ውጤቱ በ1998 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ብረትና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ በተሰጣቸው ሕፃናት ላይ የከባድ ሕመምና የሞት አደጋ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። መልካም ሐሳብ ያለ ዕውቀት ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ለሰበካ ጉባኤያት የምናሳስበው

ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ በጾም ሲያሳልፉ ብረትን በአብዛኛው የሚያገኙት ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት ነው። ለዝክርና ለነዳያን የሚጋገረው እንጀራም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የቡሖው ጊዜ አይታጠር። በአንድ ሌሊት ለማድረስ ቤኪንግ ፓውደር መጨመር በከተሞች እየተለመደ ነው። እንጀራው ዓይን ቢያወጣም ሊጡ ገና አልኮመጠጠም፤ ዱቄቱም አሲዱን ያረክሳል። የሚቀርበው ምግብ ያው ይመስላል፣ የሚመጠጠው ብረት ግን ያነሰ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስድስት ወር ለሞላቸው ሕፃናት የሚዘጋጀው አጥሚትና ገንፎ ብዙ ጊዜ ካልቦካ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በንጹሕ ውኃና በጥቂት እርሾ አድሮ በሚገባ ቢበስል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቡሖና ጠላ በዚንክ በተለበጠ በርሜል አይቀመጥ። አሲዱ ዚንኩን አሟሙቶ ትውከትና የሆድ ሕመም ያመጣል። የሸክላ ወይም ለምግብ የተዘጋጀ የፕላስቲክ ዕቃ ይመረጣል።

አራተኛ፣ የሐረር ቡና ክብሩ እንደተጠበቀ ይሁን፤ ነገር ግን ቡናና ሻይ ብረትን ስለሚይዙ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። በአንጻሩ ብርቱካን፣ ሎሚና ቃሪያ ከምግብ ጋር ሲቀርቡ የብረትን መመጠጥ ያግዛሉ።

አምስተኛ፣ ኮሚቴዎች የብረት እንክብል በራሳቸው ገዝተው ለሕፃናት አያድሉ። የገረጣ ወይም የሚደክም ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ነፍሰ ጡር እናቶች ግን በጤና ባለሙያ የታዘዘላቸውን እንክብል በዚህ ጽሑፍ ምክንያት አያቋርጡ።

ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን በእርሾ መስሎ ሲያስተምር፣ ሴቲቱ እርሾውን በዱቄቱ ውስጥ ሸሽጋ ሁሉ እስኪቦካ መጠበቋን ነግሮናል። እናቶቻችንም ይህን ትዕግሥት ያውቁታል። የእኛ ድርሻ ለጥድፊያ ብለን እንዳናስጥላቸው መጠንቀቅ ነው።