ራደን ሳሌህ፦ የተማረከውን ልዑል ቀና አድርጎ የሣለው ጃቫዊ

የዘመናዊው የኢንዶኔዥያ ሥዕል አባት የሚባለው ራደን ሳሌህ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1811 ገደማ፣ በጃቫ ደሴት ሰማራንግ ከተማ አጠገብ፣ ከመኳንንት ቤተሰብ ነው። ተሰጥኦውን ቀድሞ ያስተዋለው አንቷን ፓየን የተባለ የቤልጂየም ተወላጅ ሠዓሊ ነበር። በ1829 ወደ ኔዘርላንድስ ተሻግሮ የሰው መልክ አሣሣልን ከኮርኔሊስ ክሩሰማን፣ የመልክዓ ምድር አሣሣልን ከአንድሪያስ ሼልፍሃውት ተማረ።

በአውሮፓ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ። ጃቫን የገዙትን ዳንደልስንና ቫን ደን ቦስን ሣለ፤ ከአንበሳ ጋር በሚተናነቁ አዳኞች ሥዕሎቹም ዝናን አተረፈ። በድሬስደንና በፓሪስም የመሳፍንት ደጅ ተከፈተለት። በ1852 አገሩ ገብቶ የሜራፒ እሳተ ገሞራ በቀንና በሌሊት ሲፈነዳ የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎችን በ1865 ሠራ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው ግን በ1857 የሣለው የልዑል ዲፖኔጎሮ መያዝ ነው። ይህ የጃቫ ልዑል በደች፣ ማለትም በኔዘርላንድስ፣ ቅኝ አገዛዝ ላይ ለአምስት ዓመት ከተዋጋ በኋላ፣ በመጋቢት 1830 ለድርድር ወደ ማጌላንግ መጥቶ በጄኔራል ደ ኮክ ተያዘ። ኒኮላስ ፒነማን የተባለው ደች ሠዓሊ ይህንኑ ሲሥል ልዑሉን ከጄኔራሉ ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ አቁሞ፣ ከበላያቸው የደችን ባንዲራ አውለበለበ። ሳሌህ ሁለቱን እኩል አቆማቸው፤ ባንዲራውንም አስቀረው። የእሱ ዲፖኔጎሮ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል። የደች መኮንኖቹ ጭንቅላት ደግሞ ከአካላቸው ጋር አይመጣጠንም፤ ይገዝፋል። የሰው አካል አሣሣልን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሠዓሊ ይህን ሳያስበው አላደረገውም የሚሉ የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች፣ መኮንኖቹን በጃቫ ተረት ካሉት ጨካኝ ግዙፋን ጋር ያመሳስሏቸዋል። ሳሌህ የራሱንም መልክ በሐዘንተኛው ሕዝብ መካከል አስገብቷል። ሥዕሉን የሰጠው ለኔዘርላንድሱ ንጉሥ ለዊለም 3ኛ ነበር።

ክብሩ ከጥርጣሬ አላዳነውም። በ1869 በበካሲ አካባቢ አመፅ ሲነሣ እጁ አለበት ተብሎ ተመርምሯል። በ1880 በቦጎር አረፈ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ከሰፊ ግቢው ቆርሶ በሰጠው መሬት ላይ በ1864 የከተማዋ የእንስሳት ማቆያ ተቋቁሟል። የዲፖኔጎሮ ሥዕል በ1978 ለኢንዶኔዥያ ተመልሷል።

አንዳንዶች የቅኝ ገዢዎችን እንጀራ በልቷል ብለው ይነቅፉታል። እውነት ነው፤ በልቷል። ነገር ግን ከእነርሱ በተማረው ጥበብ፣ እነርሱ እንደ ተሸናፊ የሣሉትን ሰው ለትውልድ በሙሉ ክብሩ አስረክቧል። የሳሌህ ውርስ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።