አጥንት የምታኝከው የፎገራ ላም

ወረታ ዳር፣ ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ አንዲት ቡሬ ላም አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። ታመሰኳለች ብሎ የሚያልፋት ብዙ ነው። ቀረብ ያለ ሰው ግን ከመንጋጋዋ የሚወጣ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከአፏ ጥግም የደረቀ የጎድን አጥንት ጫፍ ብቅ ብሏል። እረኛው ጎኗን በዱላው ነካ አድርጎ «አመሏ ነው» ይላል።

አመሏ አይደለም።

ፎገራን በሩዙ የሚያውቅ ሰው ስለ ላሟ ብዙም አይሰማም፤ ያሳዝናል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ወረታ ይገኛል፤ የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያጠጡት ሜዳ ከዚያ እስከ ጣና ተዘርግቷል። የፎገራ ላም የዚህ ሜዳ ልጅ ናት። ቀንዷ አጭር፣ ጠጉሯ ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ፣ ጠባይዋ ገራም ነው። ከአገር በቀል ከብቶች መካከል በወተቷ የተመሰገነች ናት፤ ክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ረግረግ ውስጥ ገብታ ትግጣለች። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና የመተከል የከብት እርባታ ዝርያዋን ለመጠበቅ ሲደክሙ ኖረዋል።

በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ዛሬ ሜዳውን ሸፍኖታል። ለገበሬው ትልቅ በረከት ነው። የወል ግጦሹ ግን ጠበበ፤ ላሟም ከለምለም ሣር ወደ ሩዝ ጭድ ዞረች። ጭድ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑም ፎስፈረሱም ግን ጥቂት ነው።

የአጥንቱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በላሟ ገላ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ 80 በመቶ ያህሉ የሚቀመጠው በአጥንቷና በጥርሷ ነው። ስትታለብ ደግሞ በእያንዳንዱ ሊትር ወተት አንድ ግራም ገደማ ይወጣል። መኖው ካልተካላት ከራሷ አጥንት እየቀነሰች ለጥጃዋ ትሰጣለች። ያ ሲበዛባት ሜዳ ላይ የወደቀ አጥንት ያምራታል። አጥንት አኝኪዋ አብዛኛውን ጊዜ የምታጠባ ወይም የምትታለብ ላም የምትሆነው ለዚህ ነው። ከመንጋው የበለጠ የምትሰጠው እሷ ናት፤ የሚጎድልባትም እሷው ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድኃኒቱ ላይ ነው። «ጨው አምሯት ነው» ይባልና አሞሌ ይቀርብላታል። ወረታ ገበያ ላይ አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከአንድ አዛውንት ጋር ሲነጋገር የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሰምቷል።

«አባቴ፣ ጨው ይሰጧታል?»

«በየሳምንቱ አስልሳታለሁ፤ ጨዉንም ትጨርሰዋለች፣ አጥንቱንም አትተው።»

አዛውንቱ ሳያውቁት ትክክለኛውን ምልክት ተናገሩ። አሞሌ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ለከብት እጅግ ያስፈልጋል፤ ሣርና ጭድ ሶዲየም ስለሚያንሳቸው ከብት ግድግዳ ስትልስ፣ ሽንት ያረፈበትን አፈር ስታሸት ጨው መስጠት ተገቢ ነው። ፎስፈረስ ግን ከአሞሌ ውስጥ የለም። ለጥም እንጀራ እንደማይሆን ሁሉ ጨውም ለአጥንት ረሃብ አይሆንም። ጨው ልሳ አጥንቱን ያልተወች ላም ባለቤቷን ሌላ ነገር እየጠየቀችው ነው። ይህን ጥያቄ «አመል» ብሎ አፏን በገመድ ማሰር በደል ነው፤ በፎገራም ሆነ በሌላ ቦታ ሊቀር ይገባዋል።

አጥንቱ በራሱ አደጋ አለው። በደቡብ አፍሪካ ከብቶች እግራቸው እየከዳቸው፣ ምላሳቸው እየተንጠለጠለ በብዛት ያልቁ ነበር። በሽታውን «ላምሲክተ» ይሉታል፤ «ላም» በዚያ አገር አነጋገር ሽባ ማለት ነው፣ ከእኛ ላም ጋር የተገጣጠመው እንዲሁ በድምፅ ነው። አርኖልድ ታይለር የተባለው የእንስሳት ሐኪም በአውሮፓውያኑ 1920ዎቹ ነገሩን ፈታው፦ ግጦሹ ፎስፈረስ ያንሰዋል፣ ከብቱ የበከተ እንስሳ አጥንት ይቆረጥማል፣ አጥንቱ ላይ በቀረው ብስባሽ ውስጥ የቦቱሊዝም መርዝ አለ። የአጥንት ዱቄት ሲሰጣቸው ከብቶቹ ሜዳ ላይ አጥንት መፈለጉን ተዉ። ስለዚህ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን ላም መርዝ እያበላ መሆኑን ይወቅ። መቅበር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አፈር የምትልሰዋ ላም ደግሞ ሌላ ናት፤ ደም አንሷት ሊሆን ይችላል። ረግረግ ባለበት ቀንድ አውጣ አለ፤ በቀንድ አውጣ በኩል የሚያልፈው የጉበት ትል በውኃ ዳር ሣር ላይ ተጣብቆ ወደ ላሟ ይገባል፤ ከዚያም ለወራት ደሟን እያሟጠጠ ይኖራል። የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፤ ቀይ መሆን የሚገባው ሥጋ ከነጣ፣ ከመንጋጋዋ ሥር ካበጠ፣ ሐኪም ይጠራ።

ይህ የላም ብቻ ነገር አይደለም። ደሟ ያነሰ ድመትም አንዳንዴ ቤት ውስጥ ለመጸዳጃዋ የተቀመጠላትን አሸዋ ትልሳለች፣ ትበላለችም። በእንግሊዝ «አቢሲኒያን» የሚል ስም የወጣላቸው ድመቶች አንዳንዶቹ የቀይ የደም ሴሎቻቸውን ዕድሜ የሚያሳጥር በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለባቸው፤ ሐኪሞችም ድመት አሸዋ በላች ሲባሉ ድዷን ገልጠው ያያሉ። እዚያ ድድ፣ እዚህ የዓይን ቆብ።

አጥንት ወደምታኝከው የወረታ ላም ስንመለስ፣ መድኃኒቷ ሩቅ አይደለም። ሩዝ ሲፈተግ ሁለት ነገር ይወጣል። ውጪኛው ገለፈት እንደ አሸዋ የሻከረ ነው፤ ለከብት ምግብነት አይረባም። ከሥሩ የሚወጣው ዱቄት መሰል ብናኝ ግን ፎስፈረስ የሞላበት ነው፤ የኑግ ፋጉሎም እንዲሁ። ብዙ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ይገዛና «ብናኝ አበላኋት፣ አልጠቀማትም» ይላል። ያበላት ገለፈት ነው። ብናኙ ቅባት ስላለው ሰንብቶ ይሻግታል፤ ከወፍጮ ቤት በወጣ በጥቂት ቀን ማብላት ይሻላል። ሲገዙ በጣት ማሸት በቂ ነው፦ ጣት ላይ የሚለሰልሰውና የሚጣበቀው ብናኝ ነው፣ የሚቧጭረው ገለፈት።

ፌስታል የምትበላ ላም ከተማው ዳር ስትታይ ይኸው ረሃብ ይሆናል ያመጣት። ፌስታሉ ግን ከጨጓራዋ አይወጣም፤ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ወረታ ላይ ቆሻሻ ሰብስቦ የሚያቃጥል ቤት ይህን አስቦ ከሆነ ይመስገን።

አዛውንቱ ከገበያ የተመለሱት በአንድ እጃቸው የላሟን ገመድ፣ በሌላው አንድ ከረጢት ብናኝ ይዘው ነው። ወጣቱ ከረጢቱን ሳያሸት አላሳለፋቸውም።